ዘጠነኛው ገጽ

«ላሚኔት አድርግልኝና ፍሬም ውስጥ አስገባዋለሁ» አለችኝ የለምንዬ እናት። ወረቀቱን እንደ ትኩስ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ነው ሱቄ የገባችው። «አርባ ሦስት ሰው ነው የፈረመላት። ሁለቴ ቆጠርኩት። ሁሉም ዶክተር ነው፤ ዶክተር ያልሆነው ፕሮፌሰር ነው።»

ወረቀቱን ከሩቁ ዐወቅሁት። ባለፈው ወር እዚሁ ማሽን ላይ ያተምኩት እኔው ነኝ። የሙገሳ ወረቀት አይደለም፤ ክስ ነው። አርባ ሦስት ምሁራን ልጇ የጻፈችው ጽሑፍ ከመጽሔቱ ላይ እንዲነሳ፣ እሷም ከማስተማር እንድትታገድ የጠየቁበት ግልጽ ደብዳቤ ነው። እናትየው አይፈረድባትም። ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። ደብዳቤው የሚጀምረው «የጸሐፊዋን አስተዋጽኦ በጥልቅ ትኩረት ስንመለከት» ብሎ ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ «ከፍ ያለ ምሁራዊ ኃላፊነት በተሞላበት መንፈስ» ብሎ። መሃሉ ላይ ያለውን ስድብ እኔም ያገኘሁት በሦስተኛው ንባብ ነው። እኔና እናንተ ሰው ስንሰድብ ሰውየው መሰደቡን እንዲያውቅልን እንፈልጋለን። እነዚህ ሰዎች ግን ሲሳደቡም ምስጋና ይጠብቃሉ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኳት።

ማሽኑ ከኋላዬ እየተንደቀደቀ ወረቀት ይተፋ ነበር። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ «እንግዲህ ሲሠራ እመጣለሁ» ብላ ወረቀቷን እንደያዘች ወጣች።

ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ልጅቷን ከዳይፐር ጀምሮ አውቃታለሁ። ከአጥር ላይ ውረጂ ሲሏት «ለምን?»፣ ጫማ አድርጊ ሲሏት «ለምን?»፣ ተኚ ሲሏት «ለምን?» ስትል አድጋ ለምንዬ ሆና ቀረች። አድጋም ሌላ ሥራ አልተዋጣላትም፤ ሱቄ ፊት ለፊት ካለው ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህርት ሆነች። እኔ ተስማሚ ሥራ መስሎኝ ነበር። ለምን እያለ የሚውል ሰው ለምን እያሉ ከሚውሉ ሰዎች ጋር ቢሠራ ምን ይቸገራል ብዬ። ለካ እነሱ ቃሉን የሚወዱት ወረቀት ላይ ኖሯል።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ሁለት ዓመታት ሌሎች የተማሩትን ስጠርዝ ነው ያሳለፍኩት። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ። የፍልስፍና ትምህርት ክፍሉ ሙሉ በሙሉ የእኔ ደንበኛ ነው። ኃላፊውን በፊታቸው ፕሮፌሰር እላቸዋለሁ፤ ከኋላቸው ሁላችንም «እንደሚታወቀው» ነው የምንላቸው። አፋቸውን የሚከፍቱት በዚህ ቃል ነው። አንድ ቀን በዝናብ ብስብስ ብለው ገብተው «እንደሚታወቀው እየዘነበ ነው» ብለውኛል። ምክትላቸው ደግሞ «እስማማለሁ» ይባላሉ። እኚህ ሰው ራሳቸው ተናግረው ሲጨርሱም መጨረሻ ላይ ይስማማሉ።

የለምንዬ ጽሑፍ የሚለው ቀላል ነው። ለሞተ ሰው የገባነው ቃል ያስረናል ወይ ብላ ትጠይቃለች። መልሷም፦ የሚያስረን ቃሉን አብረው ለሰሙት፣ በሕይወት ላሉት ነው እንጂ ለሟቹ አይደለም፤ ሟቹ የሚጎድልበት ነገር የለም ነው። ኮፒ ሳነሳ ቆሜ አንብቤው ገብቶኛል። ምናልባት ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ ለእኔ የገባኝ ነገር እነሱን ሳያስቆጣ አይቀርም።

ግርግሩ ሲጀመር አርእስቱን ብቻ ያየ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ተቆጥቶ ጻፈ። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ተቆጣ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ተረቀቀ። ዋናው ክስ «ለራሳቸው መናገር በማይችሉ ወገኖች ላይ ጉዳት አድርሳለች» የሚል ነው። ወገኖች የተባሉት ሙታን ናቸው። ሙታኑ ማንን እንደወከሉ ደብዳቤው አይገልጽም።

ከዚያ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እንደሚታወቀው። ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ተሰብስበው ይወስናሉ። ከፈረዱባት ኮንትራቷ አይታደስም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ልቀጠር ብትል አርባ ሦስቱ ፈራሚዎች በየዩኒቨርሲቲው ተቀምጠዋል። ስድስት ዓመት የተማረችው፣ እናቷም ለሰው ልብስ እየሰፋች ያስተማረቻት፣ ሐሙስ ከምሳ በፊት ያልቃል ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ሰባት ቅጂ ጽሑፍ በካርቶን ይዛ መጣች። ከሦስት ሳምንት በፊት እኔው ጠርዤ የሰጠኋቸው ናቸው። ለፍትሐዊነት ሲባል ጸሐፊውን የሚጠቅስ ነገር ከውስጥ እንዳይኖር ታዝዤ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አውጥቼ አርእስቱን ሽፋኑ ላይ ብቻ ነበር ያተምኩት። አሁን አባላቱ አንብበው ስለጨረሱ የሰባቱን የጽሑፍ አስተያየት በየቅጂው ጀርባ እንዳያይዝ ነው። አስተያየቱን ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተለወጠም፣ ፊርማው ብቻ ነው የሚለየው። ስድስተኛው ላይ እስማማለሁ ከላይ በተሰጠው አስተያየት ተስማምተዋል። ሰባተኛው የኃላፊው ነው፤ አራት ገጽ፣ ከጽሑፉ ላይ ቃል በቃል እየጠቀሰ።

አሁን አንድ የሙያዬን ነገር ልንገራችሁ። በሙጫ የተጠረዘ ወረቀት ጀርባው ድርቅ ያለ ነው። መጀመሪያ ሲከፈት ቀጭ ይልና ሽፋኑ ላይ መስመር ያወጣል። ያ መስመር ሌላ በምንም አይመጣም። ከሰባቱ አምስቱ መስመር የላቸውም። እንደወጡ ተመልሰዋል። ስድስተኛው፣ አንድ ዓይነት አስተያየት ከጻፉት የአንዱ፣ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሟል፤ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ትቷል፣ ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ነገር አገልግሏል። ሰባተኛው የኃላፊው ነው። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እሳቸው አንብበዋል። በቀይ እስክሪብቶ አስምረዋል፤ በዳር በዳሩ «አሳፋሪ!»፣ «ጭካኔ!»፣ «ይህን የሚያስብ ሰው እንዴት ያስተምራል?» ብለዋል።

ቀዩን እየተከተልኩ ሳነብ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ቆመ። ፊደሉ የድሮ የጽሕፈት መኪና ፊደል ነው። ለምንዬ የጽሕፈት መኪና በዓይኗም አይታ አታውቅም።

ያን ቀን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሌላም ሥራ ነበረኝ። ኃላፊው በየዓመቱ ለተማሪ የሚያድሉትን ዝነኛ ጽሑፋቸውን ሠላሳ ቅጂ አዘውኝ ነበር። አርእስቱ «መርሳት መብት ነው» ይላል፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ወጣት ሳሉ የጻፉት ነው። እኔ ጋ ያለው ዋና ቅጂ የመጀመሪያ ገጹ ከጠፋ ቆይቷል። ሁለቱም ጽሑፎች ሃያ ስምንት ገጽ፣ ሁለቱም ስም የለሽ። ሙጫው ሞቆ፣ ስልክ ደውሎ፣ በአንድ እጄ እያወራሁ በሌላው ሽፋን ሳለብስ፣ ሰባቱን የለምንዬን ሽፋን የኃላፊው ጽሑፍ ላይ ለጥፌዋለሁ። የለምንዬ ሰባት ቅጂ ደግሞ በኃላፊው ሽፋን ተማሪ እጅ ገብቷል። ያኔ ጸሐፊዋ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ ዘንድሮ አንዳንድ ተማሪዎች «ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎ ገባን» ብለዋቸው፣ እሳቸውም በደስታ ለኮሪደሩ ሁሉ ሲያወሩ ሰንብተዋል።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ፈላስፋ ያልከፈተውን ወረቀት አውግዟል፤ አንዱ ብርጭቆ አስቀምጦበት ፈርዷል፤ አንዱ ደግሞ የገዛ ራሱን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ሲሰድብ ከርሟል። አለማስታወሳቸው ገርሞኝ ገጹን ማገላበጥ ቀጠልኩ። ቀዩ ስምንተኛው ገጽ ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ እንደ ንጹሕ አንሶላ ነው። ዘጠነኛውን ገለጥኩት፤ አነበብኩት፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ለምንዬን ደውዬ ጠራኋት። ከክፍል ወጥታ በቀጥታ መጣች፤ ጠመኔው ከእጅጌዋ ላይ አልረገፈም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ነገ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ሽፋኑን እንደማስተካክል ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። የኃላፊውን ቅጂ ወስዳ ገጽ በገጽ ሄደችበት፤ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ቆየች። በኋላ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ እንዳለ ይሁን። አስተያየታቸውን ብቻ አያይዝላቸው።»

«ለምን?» አልኳት። ይህን ቃል ለሷ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ሽፋኑን ብታስተካክለው ይህን ስድባቸውን ወደኔ ጽሑፍ አዙረውት ይፈርዳሉ፤ ቅጂው ሳይከፈት። አንድ ቀን እንኳ ፊቴ ሲያነቡ ልያቸው።»

ሐሙስ ሱቄን ሳልከፍት እናቷ በር ላይ ቆማለች፤ ወረቀቷን ይዛ። ልጅቷ ማታ ሁሉንም ነግራታለች። ምን ልበላት ብዬ ስጨነቅ እሷ ቀደመችኝ። «አርባ ሦስት የተማረ ሰው ሥራውን ትቶ የኔን ልጅ ለማውገዝ ከተሰበሰበ፣ ቀላል ሰው አልወለድኩም ማለት ነው» አለች። «ማሽኑ ተሠራ?»

ተሠራ አልኳት። ላሚኔት አደረግሁላት። ሲወጣ ሞቅ እንዳለ አገላብጣ አየችውና፣ ቤት ሰቅዬ ማን ያይልኛል፣ አንተ ጋ ስቀለው፣ ፈራሚዎቹ ሲመላለሱ ፊርማቸውን ይዩት አለችኝ። ከበሩ ትይዩ ሰቀልኩት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ካርቶኔን ተሸክሜ ገባሁ። ጸሐፊዋ ተጨማሪ ኮፒ ቢያስፈልግ በር ላይ ጠብቅ ስላለችኝ ቆምኩ። ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ መጋረጃው ከቀለበቱ በግማሽ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ስምንት ሰው ለሚቀመጥበት ክፍል ማይክሮፎን ነበራቸው፤ እየተቀባበሉ ነው የሚናገሩበት። ለምንዬ ከጠረጴዛው ጫፍ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ኃላፊው ስለ ነፃ አስተሳሰብ ብዙ ተናገሩ። እንደሚታወቀው ትምህርት ክፍሉ የተለየ ሐሳብን ያከብራል፤ እንደሚታወቀው ይህ ግን የሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ቅጂያቸውን ገልጠው በቀይ ያሰመሩበትን አነበቡ፤ «ማንም ሰው የመታወስ መብት የለውም፤ ሟች ደግሞ ከሁሉ ያነሰ።» ቀና ብለው ሁሉንም በየተራ አዩአቸው። ይህን የጻፈ እጅ ተማሪ ፊት ጠመኔ ሊይዝ ይገባል ወይ ብለው ጠየቁ። እስማማለሁ አይገባም አሉ፤ ከዚያም ተስማሙ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሏት ኃላፊው።

«አይደለሁም» አለች ለምንዬ።

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ፣ ያ ባለ ብርጭቆው፣ እንግዲያው ነገሩ ስርቆት ነው፣ ከፊተኛው የባሰ ነው አለ። ሌላው ለስርቆቱ የተለየ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሦስት ሰው ደገፈው። ወዲያው ሰብሳቢ ማን ይሁን ወደሚለው ሊገቡ ነበር። ኃላፊው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ከማን እንደሰረቀችው ጠየቋት።

«ዘጠነኛው ገጽ ላይ ምሳሌ አለ» አለች። «እሱን ያንብቡልኝና የማን እንደሆነ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ገለጡ። ሌሎቹም ቅጂያቸውን አነሱ፤ የዚያን ጊዜ ነው ያንን ድምፅ የሰማሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አምስት ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበር። ከጠራዥ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ኃላፊው በዚያው በሚያውጁበት ድምፅ ጀመሩ። «አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። የሞቱ ቀን መሳቢያቸው ውስጥ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ አሥራ አንድ ሰዓቶች ይሠሩ ነበር...» መሳቢያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝግ አለ። «አባቴ አሥራ አንዱንም በየማለዳው ይሞሏቸው ነበር። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቃቸው...» እዚህ ላይ ቆሙ። ጣታቸው መስመሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

ዝምታው ለእስማማለሁ ምቹ መሰላቸው። ማይክሮፎኑን ሳብ አድርገው «ይኸው ነው እንግዲህ» አሉ። «ከሰዓት ጠጋኝ ቤት የወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ፍልስፍና ከየት ያመጣል?» ብለው ወደ ኃላፊው ዞሩ፤ እንዲስማሙላቸው።

ኃላፊው አላዩአቸውም። ሽፋኑን ገልብጠው አዩ። ተመልሰው ገጹን አዩ። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጠው የራሳቸውን ቀይ ጽሑፍ፣ አሳፋሪ የሚለውን፣ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሳውቃቸው ምን እንደሚታወቅ ያጡት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እንግዲህ እኔም ሰው ነኝ። ከበሩ ላይ ሆኜ ይቅርታ ጠይቄ፣ ሽፋን ያቀያየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ውስጥ ያለው ፕሮፌሰር በየዓመቱ ለተማሪ የሚያድሉት ጽሑፋቸው እንደሆነ ተናገርኩ። ሰባቱም ቅጂያቸውን ቀስ ብለው ዘጉ፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባቸው የሚፈሩ ይመስል። መጀመሪያ የነቃው ባለ ብርጭቆው ነው። ከመጀመሪያውም የአጻጻፉ ብስለት አጠራጥሮት እንደነበር ተናገረ። ከጎኑ ያለው ደግሞ፣ ዐረፍተ ነገሩ ከዐውዱ ተነጥሎ ስለተነበበ ነው እንጂ ጥልቅ ሐሳብ ነው አለ። እስማማለሁ ተስማሙ። ለምንዬ ሁሉንም በየተራ ታያቸው ነበር፣ ልጅ ሆና ጉንዳን እንደምታይ።

ቃለ ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ለኮፒ መጣልኝ፤ እንዲህ ይላል። በጠራዡ ስህተት ምክንያት ሂደቱ ተሰርዟል። የመምህርቷ ጽሑፍ ወደፊት በሰፊው ይጠናል። የጥረዛውን ጉዳይ የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል። ስለ አምስቱ ያልተከፈቱ ቅጂዎች የተባለ ነገር የለም። ስለ ኮንትራቷም እንዲሁ፤ በሳምንቱ ቀነ ገደቡ ያልፋል፤ የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው። እናትየው በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ «ፈረሙ?» ትለኛለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ማክሰኞ ኃላፊው ብቻቸውን ሱቄ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚታወቀው ሳይሉ ነው የገቡት። አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሁለት ኮፒ አሉኝ። የለምንዬ ኮንትራት ነው፤ ለአንድ ዓመት ታድሷል። ፊርማውን ፈለግሁ፤ አለ። ኮፒውን ሳነሳ እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ላሚኔት ያያሉ። የመጀመሪያው ፊርማ የሳቸው ነው፤ ትልቅ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት።

ያቺ በቀይ ያሰመሩባት ቅጂ የት እንዳለች ጠየቁኝ። ለምንዬ ጋ ናት አልኳቸው፤ ዘጠነኛውን ገጽ ስለወደደችው ወስዳዋለች። ኮፒዎቹን ተቀብለው አጠፏቸው፤ እንደገና ዘረጓቸው። ወደ በሩ ሄደው ተመለሱ።

«ስማ» አሉኝ፣ በአገጫቸው ግድግዳውን እያመለከቱ። «ይህን ነገር አውርደህ... ሁላችንም ጉዳዩን ብንረሳው አይሻልም?»

«መርሳትማ መብት ነው ፕሮፌሰር» አልኳቸው። «ግዴታ ነው ያሉት ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»